ሰባ በመቶ

ጥቅምት ነው፤ ኮትካ ላይ ባሕሩ ጠቁሯል፣
ከወረቀት ፋብሪካው ጀርባ ሜዳው ጨቅይቷል፣
የዓመቱ መጨረሻ ውድድር አብቅቷል።
ስድስተኛ ወጣሁ።
(ከስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ።)

መኪናዬን አቀፍኳት እንደ ረጠበች ድመት፣
ጭቃዋን እያንጠባጠብኩ ወረድኩ ወደ ምድር ቤት።
አባቴ ጋዜጣ አንጥፎ፣ ብሩሽ ደርድሮ ይጠብቃል፤
እናቴ ስትፈልገው የሰነበተችው የጥርስ ብሩሽ መሃል ላይ ተኝቷል።
«ውሃ እንዳታስነኪያት፤ ውሃ ለሰው ነው፣
ኩሽኔታ አንዴ ከዛገ ጸሎት አይመልሰው።»

አርባ ዓመት የመርከብ ሆድ ውስጥ ያደረ ሰው፣
ከኔ ቁመት የሚበልጥ ፒስተን ያጫወተው፣
ዛሬ የቁንጫ ታናሽ የሆነች ብሎን አሸነፈችው።
ጣቱ ላይ ትጨፍራለች፤ ታመልጣለች፤
ከወንበር ሥር ገብታ ትጠፋለች።
እኔ በጉልበቴ እድኻለሁ፤ እሱ ጣራ ጣራ ያያል፤
ሳገኛት፣ «የዘንድሮ ብሎን አሠራሩ ተበላሽቷል» ይላል።
ስለ እጁ አናወራም።
ስለ ኩሽኔታ እናወራለን።

ጎማዎቿን ፈታሁ፣ ደረቅ ብሩሽ አስቀደምኩ፣
ከሻንሲው ስንጥቅ የሜዳውን ጭቃ በእንጨት ፈለቀቅኩ፣
በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥርስ ጥርሱን ጠረግኩ።
ሞላዎቿን ስጫን ጥቁር ዘይት አለቀሱ፤
«ታገሺ፤ አዲሱን ስትቀጂ አረፋው ይውጣ ከነነፍሱ።»
ካምቢዮዋን ስከፍት አንዲት ጠጠር ዱብ አለች፤
ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅጭ ቅጭ ያለችው እሷ ነች!
አባቴ መዳፉ ላይ አኖራት፤
እዚያም አላረፈች።

ኩሽኔታዎቿን አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ አወጣሁ፣
ሚስማር ላይ ሰክቼ አሾርኳቸው፣ ጆሮዬን ሰጠሁ፤
ዝም ብሎ የሚዞረው ጤነኛ ነው፤ የሚያጉረመርመውን ለየሁ።
«ከሚያጉረመርም ኩሽኔታ ዝም የሚል ሰው ይብሳል» አለች እናቴ ከላይ፣
የጥርስ ብሩሿን ፍለጋ ብቅ ብላ ደረጃው ላይ።
ባትሪዋን ለበረዶው ወራት ግማሽ ብቻ ሞላሁ፤
«እስከ ጥግ የሞላ ነገር ያብጣል» ሲል ነው ያደግሁ።

ሻይ ሊያመጣ ወጣ። ሪሞቱ ቀረኝ።
የባትሪው ቤት አረንጓዴ ዝገት አሳየኝ፤
በሆምጣጤ አበስኩት። መስኮቱን ስወለውል
ጣቴ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ጽሑፍ ብቅ አለ፣ እንዲህ የሚል፦
ሳይሚ። ከፍተኛ ፍጥነት፦ ሰባ በመቶ።

ሰባ!
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ የጎረቤታችንን የወይዘሮ ሂልካን
ቁርጭምጭሚት በመኪናዬ የገጨሁ ቀን፤
ያን ማታ አባቴ ሪሞቱን ይዞ ወደ ጥግ ገለል አለ፤
«ምን እያረግክ ነው?» ብለው፣ «ምንም፤ እያጸዳሁት» አለ።

አስር ዓመት!
ቀጥታው መንገድ ላይ የሰው ሁሉ መኪና ጥሎኝ ሲበር፣
«መታጠፊያውን ተማሪ» እያለ ያጽናናኝ ነበር፤
ተማርኩም። መታጠፊያ ላይ የሚደርስብኝ የለም፤
ግን ያ ሰላሳ በመቶ! አልምርህም፣ አልምርህም!

ብዬ ልጮህ ስል ከደረጃው ድምፅ መጣ፦
ሁለት የሻይ ብርጭቆ፣ ከነሰሃናቸው እየተንቀጫቀጩ፣
አንድ ደረጃ።
ዕረፍት።
አንድ ደረጃ።

ሪሞቱ ውስጥ ሌላም ስም አለ፦ ቬይኮ።
እሁድ እሁድ፣ ሰው በሌለበት፣ እሱም ይነዳል፤
መኪናዋ እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ ስትል «ሜዳው ይጎረብጣል» ይላል።
የሱን ገጽ ከፈትኩ። የመሪውን ቁጣ አበረድኩት፣
አውራ ጣቱ ሲንቀጠቀጥ ጎማው እንዳይሰማ አደረግኩት።
የኔንም መቶ አልኩት።
ከዚያ፣ እንጃ፣ ሰባ አምስት ላይ መለስኩት።

የሻዩ ግማሽ ሰሃኑ ላይ ነው።
«ምን ስትነካኪ ነበር?» አለኝ።
ጨርቁን አጠፍኩ።
«ምንም፤ አጸዳሁት።»
ብርጭቆውን አስቀመጠ። ትንሽ ቆየና፣
«አዎ» አለ፤ «መጽዳት ነበረበት።»